ዋሉዊጂ ይገባዋል አይገባውም እያላችሁ ጨጓራዬን አታቃጥሉት

እረ በናታችሁ ይሄ ነገር አንድ ቦታ ይቁም። የቴሌግራም ግሩፓችን የተከፈተው ቅዳሜ ማታ ማን ቤት እንደምንጫወት ለመነጋገር ነበር እኮ። አሁን ጠዋት ስልኬን ሳነሳ መዓት ያልተነበበ መልእክት፣ አንዱ ደግሞ የስምንት ደቂቃ ቮይስ ለቆብናል፣ ስለ ምን? ዋሉዊጂ፣ ያ የማሪዮ ጌሞች ውስጥ ያለው ረጅም ቀጭን ሰውዬ፣ ስማሽ ውስጥ መግባት ስለሚገባው። ለእናቱ እንኳን እንደዚ የረዘመ ቮይስ ልኮ አያውቅም!

ለማታውቁት፣ ሱፐር ስማሽ ብሮስ ማሪዮ ፒካቹ ሶኒክ ምናምን ከየጌማቸው መጥተው አንድ ላይ የሚደባደቡበት የኒንቴንዶ ጌም ነው። በፈረንጅ 1999 ሲጀምር 12 ካራክተር ነበረው፣ በ2018 የወጣው አልቲሜት ደግሞ በዲኤልሲ፣ ማለትም ጌሙ ከወጣ በኋላ በተጨማሪ የገቡት ሲጨመሩ ከ80 በላይ ነው። ከ80 በላይ! ግማሾቹን ነክታችኋቸው አታውቁም፣ ጠባችሁ ግን ሁሌ ስለሌለው ሰውዬ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ መከራከራችሁ አይደለም፣ ክርክር እኔም እወዳለሁ። የሚያናድደኝ ሕግ እያወጣችሁ መልሳችሁ ራሳችሁ መሻራችሁ ነው። የአክስቴ ልጅ "አዲስ ካራክተር መግባት የለበትም፣ መጀመሪያ ታሪክ ይኑረው" ይላል። እሺ፣ ሮይስ? ሮይ፣ ፋየር ኤምብለም ከሚባለው የጎራዴ ጌም የመጣው፣ በ2001 ሜሌ ውስጥ (ሁለተኛው ስማሽ) ሲገባ የራሱ ጌም ገና አልወጣም ነበር፣ ጃፓን ውስጥ እንኳን የወጣው በ2002 ነው። ምን ታሪክ ነበረው? ምንም። ዛሬ ግን ሮይ ሲነካበት የሚቆጣው ይሄው የአክስቴ ልጅ ነው። ሌላው ደግሞ ለስንት ዘመን "ሪድሊ (የሜትሮይድ ጌሙ ዘንዶ) ትልቅ ነው፣ አይሆንም" ሲለን ከረመ። በርግጥ ትልቅ ነው ያለው ጌሙን የሚሠራው ሳኩራይ ራሱ ነው፣ ግን ያው ሳኩራይ በ2018 አሳንሶ ጎንበስ አድርጎ አስገባው፣ አለቀ። ይቅርታ የጠየቀ አለ? የለም፣ ወዲያው "ጎራዴ የያዘ በዛ" ወደሚለው ዞሩ።

እሱማ እውነት ነው፣ በዝቷል፣ ከፋየር ኤምብለም ብቻ 8 ሰው አለ። ባይሌዝ በ2020 መጀመሪያ ላይ ሲገባ የፋየር ኤምብለም ሰው መብዛቱን ሳኩራይ ራሱ አንስቶ ቀልዶበታል። የኛ ግሩፕ ያን ቀን ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር። እዛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ግን ከፋይናል ፋንታሲ ጌም ሴፊሮዝ መጣ፣ ከቁመቱ የሚረዝም ጎራዴ ይዞ፣ እና ባይሌዝ ላይ ሲያላዝን የነበረው ሰውዬ ቪዲዮውን እየደጋገመ እልል አለ። "እንዴ፣ ይሄስ ጎራዴ አይደለም?" ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ይሄ ይለያል።" ምኑ ነው የሚለየው ወንድሜ? አንተ ስለምትወደው ነው የሚለየው! "እወደዋለሁ፣ ቢገባ ደስ ይለኛል" ብትል እኮ ማንም አይጣላህም። ምን ይሁን ብለህ ነው ዳኛ መስለህ የምትፈርደው?

የጎኩ ሰዎች ደግሞ አሉላችሁ። ሳኩራይ ከቪዲዮ ጌም ያልተነሳ ካራክተር አይገባም ብሎ ተናግሯል፣ ጎኩ የመጣው ድራጎን ቦል ከሚባለው ማንጋ፣ ከጃፓን ኮሚክ ነው። ከዚ በላይ ምን ይባል? ግን ተስፋ አይቆርጡም፣ አሁንም በየሳምንቱ የጎኩ ፎቶ ይልካሉ። የነሱ ጽናት ለሌላ ነገር ቢውል እኮ አገር ይገነባ ነበር። ቢያንስ ግን እነሱ ሕግ አያወጡም፣ "ጎኩ" ብቻ ነው የሚሉት። አከብራቸዋለሁ።

ደሞ ማን ገባ ማን ቀረ የሚለው ይገባዋል አይገባውም በሚል ተወስኖ አያውቅም እኮ። ለዲኤልሲ እነማን ይሁኑ የሚለውን የሚመርጠው ኒንቴንዶ ነው፣ ሳኩራይ ይሠራል አይሠራም ብሎ ያያል፣ ከዛ የካራክተሩ ባለቤት ኩባንያ ጋር ውል አለ። የኪንግደም ኸርትስ ጌሙን ሶራን እዩት። በ2015 ማን ይግባ ተብሎ ሰው ድምፅ ሲሰጥ አንደኛ የወጣው እሱ እንደሆነ የተነገረን በ2021 ነው፣ የገባውም ያኔ ነው፣ የመጨረሻው ሆኖ። ከጀርባው ዲዝኒ አለ፣ ስለዚ አንደኛ ወጥቶም ያን ሁሉ ዓመት ጠበቀ። እናንተ እዚ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣችሁ "ይገባዋል" ስላላችሁ የዲዝኒ ጠበቃ ምን አገባው?

ግን ይሄን ሁሉ ልለፈው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃችሁ፣ ኮንትሮለሩ ላይ ያለው ቢ በተን ሲጫን ካራክተሩ ምን ያደርጋል? ስማሽ የሚጫወት ሰው ያውቀዋል፣ እያንዳንዱ ካራክተር አራት ልዩ ምት አለው፣ ባዶ ቢ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ወደ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከመድረኩ ስትወድቅ የሚመልስህ ነው። የስምንት ደቂቃውን ሰውዬ ጠየቅኩት፣ "ዋሉዊጂ ወደ ላይ ቢ ምንድነው?" አልኩት። ዝም። "ወደ ጎንስ?" "ራኬት" አለ። ራኬቱንማ አሁንም ይዞታል! አሲስት ትሮፊ፣ ማለትም ተጫዋች ጠርቶት ለትንሽ ጊዜ የሚያግዝ ረዳት ሆኖ ከ2008 ጀምሮ አለ፣ ይጠራል፣ ሰው ይረግጣል፣ በራኬት ይመታል፣ ይሄዳል። "ሌላስ?" ስለው "ይስቃል" አለኝ። ይስቃል! ስምንት ደቂቃ አዳምጬ ያገኘሁት "ይስቃል" ነው።

ሚንሚን የገባች ጊዜ ሁሉም "ይቺ ደሞ ማናት" አለ፣ ከአርምስ ጌም የሚጠበቀው «ስፕሪንግ ማን» የሚባለው ካራክተር ነበር። ልጅቷን ግን ያዟትና እዩ፣ አንዱ በተን የግራ እጇን አንዱ የቀኝ እጇን ለየብቻ ይወረውራል፣ ከመድረኩ ዳር ቆማ ማዶ ያለውን ታራግፈዋለች። ማንም እንደሷ አይጫወትም። የማይንክራፍቱ ስቲቭም እንደዛው፣ ድንጋይ ቆፍሮ መሣሪያ ይሠራል፣ መሣሪያው ያልቅበታል፣ እንደገና ይቆፍራል፣ ብሎክ እንዲደረድር ሲባል የጌሙን መድረኮች በሙሉ መነካካት ነበረባቸው። በኋላማ በጣም በርትቶ ከአንዳንድ ውድድሮች ታግዷል፣ እኔም ስጠላው ልክ የለኝም፣ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዳሰበበት ያስታውቃል። ለሱ ማን ቮይስ ላከ? ማንም።

አሁን ደግሞ ስለሚቀጥለው ስማሽ ሊስት መላክ ተጀምሯል፣ ማን ይቀነስ ማን ይግባ፣ ከወዲሁ ሁለት ሰው ግሩፑን ጥሎ ወጥቷል፣ አንዱ መልሱኝ ብሎ እየለመነ ነው። ሊስት የምትልኩ፣ ከስሙ ጎን አራቱን ቢ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ አላነብም፣ ሚዩት ላደርጋችሁ ነው። ቅዳሜ እኔ ቤት ነው፣ ኮንትሮለር ሁለት ጎድሎናል፣ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ቻርጅ አድርጋችሁ። የሮይን ነገር የሚያነሳ ዕቃ ያጥባል።