ሉዊ 14ኛ አራተኛ ፎቅ ገብተዋል

እሰየው! አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አነሳት ብሎ የሚያማ ሰው ካለ ከእንግዲህ አፉን ይያዝ። አንዱን ኮንዶሚኒየም መርጦ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ያገኘውን በር ያንኳኳ። ወርቅ የተቀባ ሶፋ፣ ግዙፍ አበባ ያለበት የዳማስክ ዎልፔፐር፣ ባለ ሦስት እርከን የጅብሰም ኮርኒስና መሐሉ ላይ የተንዠረገገ ሻንደሊየር ይቀበሉታል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የቬርሳይ ቤተ መንግሥታቸውን የመስታወት አዳራሽ ለማሠራት ከ1678 እስከ 1684 እ.ኤ.አ. ፈጅቶባቸዋል። የእኛ ሰው በሦስት ሳምንት ይጨርሳል። ያውም ንጉሡ 73 ሜትር ርዝመትና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ነበራቸው፤ የእኛው የያዘው 4 ሜትር በ3 ተኩል የሆነ ሳሎንና 2 ሜትር ከ65 ከፍታ ነው። በ73 ሜትርማ ማን ያቅተዋል?

ምስጋናው ከሶፋው ይጀምር። ሱቅ ውስጥ ስሙ «ክላሲክ» ወይም «ሮያል» ነው፤ ሻጩ ደፈር ካለ «ሉዊስ» ይለዋል። የትኛው ሉዊ ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ ነው። እንደ ፍየል እግር የተቆለመመው እግር የ15ኛው ሉዊ ዘመን ነው፤ ቀጥ ብሎ ቁልቁል በመስመር የተቦረቦረው የ16ኛው። ጀርባው ላይ በቁልፍ እየተወጋ የተጠቀጠቀው ጨርቅ ደግሞ ሞላ ሶፋ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የተስፋፋ ነው። አያት፣ የልጅ ልጅና በሕይወት ያልደረሱበት ዘመን፣ ሁሉም በአንድ ወንበር ላይ! ከመቶ ዓመት በላይ የተራራቁትን የእኛ አናጺ በአንድ ሌሊት አስታረቃቸው።

ሙሉው ስብስብ 3፣ 2፣ 1፣ 1 ነው። ባለ ሦስቱ 2 ሜትር ከ30፣ ባለ ሁለቱ 1 ሜትር ከ75፣ ነጠላዎቹ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ10፤ ጥልቀታቸው ሁሉም 95 ሳንቲም። ተባዝቶ ሲደመር 6 ካሬ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የመሐል ጠረጴዛውና የቴሌቪዥኑ ብፌ ሲጨመሩ ከ7 ካሬ ተኩል ያልፋል። ሳሎኑ በጠቅላላው 14 ነው። ሰው ፊት ለፊት ለመራመድ 75 ሳንቲም ያህል መተላለፊያ ይበቃው ነበር፤ ግን የተረፈው ቦታ በየጥጉ ስለተበታተነ እንግዳ ወደ ታክሲ መጨረሻ ወንበር እንደሚገባ ሰው በጎኑ ነው የሚገባው። ክብር ቢኖር ነው።

የሶፋው አገባብ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥርዓተ ንግሥ ነው። የበሩ ክፍተት 82 ሳንቲም፣ የሶፋው ጥልቀት 95፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ15። ጀርባው ላይ የተሰካው ዘውድና እግሮቹ በብሎን የሚፈቱ ቢሆኑ 35 ሳንቲም ቀንሶ በሩን ፏ ብሎ ባለፈ ነበር፤ ግን ሁሉም በኮላ የተጣበቁ ናቸው። ሱቅ ውስጥ ሜትር መዘርጋት ደግሞ ንጉሥን መጠርጠር ስለሚመስል ማንም አይለካም። እናም ሶፋው በረንዳ በኩል፣ በገመድ፣ ሠፈሩ በሙሉ አንጋጦ እያየው ይሳባል። ሁለት ሰው ከላይ፣ ሦስት ሰው ከታች፣ አንድ ሰው «ቀስ!» የሚል። የዚህ የመጨረሻው ሰው ሥራ ከሁሉም ይከብዳል።

ወርቁስ? በድሮው አሠራር እንጨቱ ላይ በሙጫ የተለወሰ ጄሶ ደጋግሞ ይቀባል፤ ይለሰልሳል፤ ቀይ ሸክላማ አፈር ይከተላል፤ ከዚያ ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ ያህል የሆነ የወርቅ ቅጠል ይለጠፍና በልሙጥ ድንጋይ ይታሻል። ጄሶ የምንለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እነሱ ከወርቅ ሥር አደረጉት፣ እኛ የግድግዳ ስንጥቅ ደፈንበት። የእኛው ወርቅ የመዳብና የዚንክ ብናኝ የገባበት ቀለም ነው። አየርና ላብ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል ወርቁ ወደ ጨርቁ ይሸጋገራል። ሉዊ 14ኛ በ1689 እ.ኤ.አ. የጦርነት ገንዘብ ቢያጥራቸው ከብር የተሠራውን የቬርሳይ ዕቃ አቅልጠውታል። የእኛ ሰው ሶፋው የተሠራበትን ኤምዲኤፍ፣ ማለት የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ፣ ቢያነደው የሚያገኘው አመድ ነው፤ ስለዚህ በቴሌግራም «ብዙም ያልተቀመጠበት» ብሎ ያወጣዋል። ከማስታወቂያው ውስጥ ፍጹም እውነት የሆነችው ይህቺ ቃል ብቻ ናት።

ኮርኒሱን ሳያደንቁ ማለፍ ነውር ነው። ቤቱ ወደ ሰማይ መውጣት ስላልቻለ ሰማዩን ወደ ቤቱ ማውረድ ተመረጠ፤ ከ2 ሜትር ከ65ቱ ላይ 20 ሳንቲም ለጅብሰም ተገበረ፣ 2 ሜትር ከ45 ቀረ። ሰው ቀና ብሎ እንዲያልፍ የሻንደሊየር ጫፍ ከወለል ቢያንስ 2 ሜትር ከ10 መራቅ አለበት፤ ስለዚህ የሚገዛው ሻንደሊየር ከ35 ሳንቲም መርዘም የለበትም። የተገዛው 80 ነው። ጫፉ 1 ሜትር ከ65 ላይ፣ ልክ የእንግዳው ግንባር ጋ ያርፋል። ቤተ መንግሥት የገባ ሰው አጎንብሶ ማለፉ ድሮም ደንብ ነው። መብራቱ በብሎን ከላይኛው ሶሌታ ጋር ካልታሰረና ጅብሰሙን ብቻ ተማምኖ ከተንጠለጠለ ግን አንድ ቀን ራሱ ወርዶ እጅ ይነሳል።

በኮርኒሱ ጠርዝ የሚዞረው ስትሪፕ ላይትም አለ። የሳሎኑ ዙሪያ 15 ሜትር ነው፤ ማለት ባለ 5 ሜትር ሦስት ጥቅል። ሦስቱን ቀጣጥሎ ከአንድ ጫፍ ብቻ ኃይል መስጠት የተለመደ ጥበብ ነው፤ በ12 ቮልት መስመሩ በረዘመ ቁጥር ቮልቴጁ ስለሚወርድ መጀመሪያው እንደ ቀትር፣ መጨረሻው እንደ ምሽት ይሆናል። እያንዳንዱን ጥቅል ለብቻው ከአዳፕተሩ መሳብ ይህን ሁሉ ውበት ያበላሻል። በሜትር 14 ዋት የሚበላ ስትሪፕ በድምሩ 210 ዋት ይፈልጋል፤ የተገጠመው አዳፕተር 100 ነው፤ ሲቃጠልም መጠገኛ ቀዳዳ ስላልተተወለት ኮርኒሱ ይበሳል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁሉም እኩል ይሆናል፤ ሻማው ይወጣል፤ ያኔ ነው ቤቱ በእውነት 17ኛውን መቶ ዘመን የሚመስለው።

አሁን ወደ ዎልፔፐሩ፤ ሒሳብ ያለው እዚህ ነው። ጥቅሉ 53 ሳንቲም ስፋትና 10 ሜትር ከ5 ርዝመት አለው። ለ4 ሜትር ግድግዳ ስምንት ቁራጭ ያስፈልጋል። ከፍታው 2 ሜትር ከ45 ስለሆነ ለማስተካከያ 5 ሳንቲም ጨምሮ ሲቆረጥ ጥለት የሌለው ወረቀት ከአንድ ጥቅል አራት ቁራጭ ይሰጣል፤ ሁለት ጥቅል ይበቃል። የዳማስኩ አበባ ግን በየ64 ሳንቲሙ ነው የሚደገመው። አበባው ከጎረቤት ቁራጭ ጋር እንዲገጥም እያንዳንዱ ቁራጭ አራት ሙሉ ድግግሞሽ፣ 2 ሜትር ከ56 ይወስዳል። ሦስት ይወጣል፤ አራተኛው ላይ የቀረው 2 ሜትር ከ37 ነው። ስምንት ሳንቲም አጠረ! ሦስተኛ ጥቅል መግዛት ግድ ነው። ባለቤቱ በሁለት ጥቅል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካለ ጎዶሎው ከሶፋው ጀርባ ይለጠፋል፤ ሶፋውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ሦስተኛው ጥቅል ዘግይቶ ሲገዛ በልጥፉ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ ጋር አንድ መሆኑን የሚያይ የለም። የተለያየ ከሆነ ክሬሙ ወደ ቢጫ ያደላና ግድግዳው ሁለት ወቅት ያበቅላል። የመጀመሪያው ቁራጭ በቱምቢ ቀጥ ተደርጎ ካልተጀመረም (የኮንዶሚኒየም ጥግ ቀጥ ነው ብሎ የሚያምን አማኝ መቼም አይጠፋም) በአንድ ቁራጭ የተዛነፈው ግማሽ ሳንቲም ስምንተኛው ላይ አበባውን ያዘምመዋል። ሳይለጠፍ በፊት መዳፍን ግድግዳው ላይ ማሸት ይገባ ነበር። መዳፉ ነጭ ከሆነ ቀለሙ ዱቄት ሆኗልና ኮላው የሚይዘው አቧራውን ነው፤ ማያያዣ ቅብ ካልቀደመ መገጣጠሚያው በክረምት ይገለበጣል። ልስኑ ገና እርጥበት ከያዘ ደግሞ የቪኒል ወረቀት አፍኖ ይይዘዋል፤ በዘውዱ አበባ መሐል ጥቁር ሻጋታ ያብባል። ይህኛውን ጥለት በፋብሪካ ዋጋ አትገዙትም።

ስለ መጋረጃው በአጭሩ። ማንጠልጠያው 2 ሜትር ከ20 ከሆነ ጨርቁ እጥፋት እንዲኖረው እጥፉን፣ 4 ሜትር ከ40፣ ካማረበትም 5 ሜትር ተኩል ይፈልጋል። ከፋይ ከሆነ ሁሉም ቁራጭ ፀጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት፤ አለዚያ ግማሹ ወይን ጠጅ፣ ግማሹ የደረቀ በርበሬ ይሆናል። ሲገለጥ የሚታየው የቬርሳይ አትክልት ሥፍራ ሳይሆን የጎረቤት ልብስ ማስጫ ነው፤ ስለዚህ አይገለጥም።

ሐረር ውስጥ በቀይ አፈር የተቀባ፣ ባለ አምስት መደብ ሳሎን አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ በየመደቡ ከፍታ የተለየበት፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት የተሸፈነ። ከዳማስክ የደመቀ፣ በር የማያስጨንቅ፣ ገመድ የማይፈልግ። ግን የእኛ ስለሆነ «ክላሲክ» ሊባል አይችልም።

ሁሉም ተሟልቶ የሚቀረው መቀመጥ ነው፤ ይህም ተከልክሏል። ሶፋው ከፋብሪካ ላስቲኩ አይወጣም፤ ላብ እያፈነ የሌዘር መሳዩን መላጥ ቢያፋጥነውም። ልጁ በርጩማ ላይ ነው። አባወራው ጠባቧ ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ነው። ቡናም ዕጣኑና የከሰሉ ጭስ ወርቁን እንዳይነካ ኮሪደር ላይ ይፈላል፤ ረከቦቱ ፊት እመቤቲቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ይህን ችግር አድርጎ የሚያይ ካለ የቬርሳይን ደንብ አያውቅም። እዚያ በንግሥቲቱ ፊት በርጩማ ላይ መቀመጥ የዱሼሶች፣ ማለት የመስፍን ሚስቶች፣ ልዩ መብት ነበር፤ ሌሎቹ ወይዛዝርት ይቆሙ ነበር። እንግዳው ገብቶ፣ ግንባሩን ከሻንደሊየሩ አድኖ፣ ላስቲኩ ላይ ሲንሸራተት ቆይቶ፣ በሁለተኛው ስኒ ላይ «እኔም እዚያው ዝቅ ብዬ ልቀመጥ» ይላል። አንድ በርጩማ ይፈለግለታል። ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ተይዘዋል።