ዝም በሉ፣ ዓሳ ሊይዝ ነው

ዓሳ ማጥመድ ዝምታ ይፈልጋል ይላሉ። ሐበሻና ዝምታ ደግሞ ብዙም አይተዋወቁም። አንድ መርፌ ለሚወጋ ሰው ሰባት ሆነን ነው ሐኪም ቤት የምንሄደው። ለቅሶ ቤት እንኳ ካርታ ይዘን እንስቃለን። ብቻውን ውሃ ዳር የተቀመጠ ሰው ካየን «ምን ሆነህ ነው?» ሳንለው አናልፍም።

የአክስቴ ልጅ ይህን ረስቶታል። ቦስተን አካባቢ ብዙ ዓመት ኖሯል። እዚያ ጎህ ሲቀድ በትንሽ ጀልባ ይወጣል፤ ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ስትራይፕድ ባስ የሚባል ዓሳ ያጠምዳል። ብቻውን! ሐዋሳ ሲመጣ ዘንጉን፣ የሚያብረቀርቁ የፕላስቲክ ዓሳዎች የሞሉበትን ሳጥኑንና ሜትሩን ይዞ መጣ። ሜትሩ ምን ያደርጋል አልነው። እዚያ ከ28 ኢንች ያነሰ ዓሳ ይለቀቃል፤ 31 የሞላም ይለቀቃል፤ በመሀል ያለውንም ቢሆን በቀን ከአንድ በላይ መያዝ ክልክል ነው አለን።

አክስቴ አንጀቷ ተላወሰ። «ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ ተቸግረህ ነው የኖርከው?»

ብቻዬን እሄዳለሁ ቢልም ጠዋት 12 ሰዓት ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ስንደርስ አምስት ነበርን። አክስቴ ቡና በፔርሙዝ ይዛለች። የእህቴ ልጅ ለቪዲዮ መጥቷል። ጎረቤታችን ውሃ ትፈራለች፤ ግን እንግዳ እንዴት ብቻውን ይሄዳል ብላ መጣች። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ መረባቸውን ያወጡት አጥማጆች እየተመለሱ ነው። ልጆቹ ቢላቸውን ይዘው የዓሳውን ቆዳ ይገፍፋሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ደመወዝ እንደሚጠብቁ ጡረተኞች አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል።

«ውሃው የሚሞላው በስንት ሰዓት ነው?» ሲል ባለጀልባውን ጠየቀው። ባሕር በቀን ሁለቴ እየሞላ ይጎድላል፤ እሱ ዓሳ የሚይዘው ያን እያየ ነው።

«ክረምት ላይ ነው» አለ ባለጀልባው።

ወጣን። ታቦር ተራራን ከኋላችን አድርገን ትንሽ እንደቀዘፍን ዘንጉን ወረወረ። ባለጀልባው የፕላስቲኩን ዓሳ አየት አደረገና «ምን ልትይዝ ነው?» አለ። «ቆሮሶ» አለ የአክስቴ ልጅ፤ ቲላፒያ የሚባለውን ዓሳ ማለቱ ነው።

«ቆሮሶ እኮ ጾመኛ ነው፣ ወንድሜ!»

እውነቱን ነው። የሐዋሳ ቆሮሶ ካደገ በኋላ በአብዛኛው የሚበላው ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን አልጌ ነው። ዓሳ መስሎ ለሚጨፍር ፕላስቲክ ምን አስጨነቀው! ያገኘውን የማይምረው አምባዛ ነው፤ እሱም ቢሆን ሌሊት ላይ ይብሳል።

የአክስቴ ልጅ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «እባካችሁ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ዝም በሉ» አለን። ዝም አልን። ወዲያው ሌላ ጀልባ ብቅ አለች። እንዴት አደራችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤተሰብ ደኅና፣ ያ ጉዳይ ምን ደረሰ... ሰላምታው ሳያልቅ የአክስቴ ስልክ ጮኸ። «ሐይቅ ላይ ነኝ! ውሃው ላይ! ኧረ አልሰማሽም፣ ውሃው ላይ!» ሐዋሳ ከተማ በሙሉ ሰማት፤ ዓሳዎቹማ ምኑን አላውቅም።

ድንገት ዘንጉ ጎበጠ።

ሁላችንም ብድግ አልን። ጀልባዋ አዘነበለች፤ ጎረቤታችን ታቦቱን ሁሉ በየስሙ ጠራች። የአክስቴ ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ሳበ። የወጣው ዓሳ አልነበረም። የሰው መረብ ነው፤ ሦስቱ የመንጠቆ ጥርሶች እስከ አንገታቸው ገብተውበታል። ባለቤቱም ከሩቅ እየጮኸ ሲቀዝፍ መጣ።

እዚያው ውሃው ላይ ሽምግልና ተቀመጥን። ባለጀልባችን ዳኛ ሆነ። የአክስቴ ልጅ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሲደነግጥ እንግሊዝኛው ይቀድመዋል። ሰውየው ካሳ አለ። ነገሩ እየከረረ ሲመጣ አክስቴ ቡናዋን አስቀመጠችና የአገራችንን ትልቁን የሕግ ጥያቄ አነሳች።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

እናቱ ከእሷ ጋር አንድ እድር ናቸው።

ከዚህ በኋላ ካሳ ብሎ ነገር የለም። ሰውየው አፍሮ «አልቀበልም፣ በማርያም!» እያለ ቡና ጠጣ። የተወለደለት ወንድ ልጅ አርባ ቀኑ ደርሷል፤ የክርስትና አባት አልተገኘለትም። አክስቴ ልጇን አየችው። ልጇ ውሃውን አየ። ወዴት ይሸሻል?

ተመልሰን ዓሳ የገዛነው ከዚሁ ሰው ነው። ካሳውን በማርያም ምሎ የተወ ሰው ቆሮሶውን በዲያስፖራ ዋጋ ጠራልን። አክስቴ ልትከራከር ወገቧን ስትይዝ ልጇ ጣልቃ ገባ። «ተዪው እማዬ፣ አበልጄ ነው» ብሎ ከፈለ። ከዚያ ሜትሩን አውጥቶ ትልቁን ቆሮሶ ለካው። የ28 ኢንቹን ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

«ልትለቀው ነው እንዴ?» አለችው አክስቴ፣ ዓሳውን ከእጁ ነጥቃ ቆዳውን ለሚገፍፈው ልጅ እየሰጠች።