ጋቢናው ከኋላ ሲሆን

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኦርላንዶ ባሉት መዝናኛ ፓርኮች ውስጥ ነጠላ ያጣፉ እናት ማየት ብርቅ አይደለም። ከሜሪላንድ ወይም ከአትላንታ የመጡ ልጆች፣ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ አያት፣ መሀል ላይ ለሁለቱም ወገን የሚያስተረጉም አባት። ልጆቹ ወደ ሲሙሌተሩ፣ ስክሪን እያሳየ ወንበር ወደሚያነቃንቀው ማሽን፣ ወረፋ እየጎተቱ «አይዞሽ እማማ፣ ትንሽ ነው የሚያነቃንቀው» ይላሉ። አያት አንዴ «እኔ ይቅርብኝ» ይላሉ። ሁለተኛ ሲለመኑ ይሉኝታ ይይዛቸውና ይገባሉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መውጫው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይቀመጣሉ። ልጆቹ ደግሞ ይደነግጣሉ፤ እነሱ ምንም አልሆኑማ!

አገር ቤት ይህ ስህተት ብዙም አይሠራም። «መኪና አይስማማኝም» ያለን ሰው የሚሟገት የለም። ጋቢና ይለቀቅለታል፣ አንዷ ከቦርሳዋ ሎሚ ታወጣለታለች፣ ረዳቱ ሳይጠየቅ ጥቁር ፌስታል ያቀብለዋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ተወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ግማሹ ተሳፋሪ የሚያየው እሱን ነው። ጠቡ የሚነሳው በመስኮቱ ብቻ ነው፤ እሱ ይከፈትልኝ ይላል፣ ከኋላ ያሉት ንፋስ ይመታናል ብለው ይዘጉበታል። ውጭ አገር ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቦሌ ይቀራል። ሲሙሌተሩ መኪና አይመስልም፣ ከቦታው አይነሳም፣ መግቢያው ላይ የሚስቅ አሻንጉሊት ተሥሎበታል። ማን ይጠረጥረዋል?

የአውቶብሱን ብልሃት እንዳለ ይዞ መግባትም ያሳስታል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና። ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ነው። መዞርን የሚለዩ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ዘንበል ማለትንና ፍጥነት መጨመርን የሚለዩ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች አሉት። አውቶብስ ውስጥ ሰውነት በእርግጥ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይን ግን የፊተኛውን ወንበር ጀርባ እያየ «ቆመናል» ይላል። ጆሮና ዓይን ሲጣሉ ሆድ ይታወካል። ጋቢና የሚረዳው መንገዱን ስለሚያሳይና ሁለቱን ስለሚያስታርቅ ነው። ሲሙሌተር ውስጥ ግን ሰውነት ከቦታው ፈቀቅ ቢል ጥቂት ነው፤ ገደል ውስጥ እየገባን ነው የሚለው ዓይን ነው። እዚህ መድኃኒቱ ከሚታየው ነገር መቀነስ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንበት የፊት ወንበር፣ አውቶብስ ላይ የሚመረጠው ቦታ፣ እዚህ የሚሸሽ ነው። ጋቢናው ወደ ኋላ ዞሯል ማለት ነው።

ማሽኑ ጆሮንም ያታልላል። ስክሪኑ ላይ የጠፈር መንኮራኩሩ ሲፈተለክ ክፍሉ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፤ የራሳችን ክብደት ጀርባችንን ወንበሩ ላይ ሲጫነው አእምሮ ፍጥነት የጨመርን ይመስለዋል። ከዚያ እንዳይታወቅ በዝግታ ቀና ይደረጋል። ከአብራሪዎች ማሠልጠኛ የመጣ ዘዴ ነው፤ ዲስኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ካሊፎርኒያ ላይ ስታር ቱርስ የተባለውን ሲሙሌተር የከፈተው በዚሁ ቴክኖሎጂ ነበር። ምስሉና ዘንበል ማለቱ ሲገጣጠሙ ይመቻል። በተቃራኒው ደንገጥ የሚያደርግ፣ በየሦስት ሰከንዱ አቅጣጫ የሚቀይር ታሪክ ከሆነ ግን ጆሮ መከተል ያቅተዋል።

ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት መግቢያው ላይ ባለው የዝቅተኛ ቁመት ምልክት ነው። «102 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሕፃን ነው» ይባላል። ያ ቁጥር የሚናገረው ማሰሪያው ልጁን ይይዘው እንደሆነ እንጂ ጨዋታው ለስላሳ መሆኑን አይደለም። ኤፕኮት በሚባለው የዲስኒ ፓርክ ያለው ሶሪን 102 ነው፤ ስታር ቱርስም 102 ነው፤ የሚሽን ስፔስ አረንጓዴው ክፍልም 102 ነው። ሦስቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሚሌኒየም ፋልከን የሚባለው ሲሙሌተር ደግሞ 97 ሆኖ ሳለ ከሶሪን እጅግ ይበልጥ ያንገላታል።

ለጠንቃቃ ሰው መጀመሪያ መሞከር ያለበት ሶሪን ነው፤ በአጠቃላይም የበረራ ቲያትር የሚባለው ዓይነት። ወንበሮቹ እንደ ዥዋዥዌ ተንጠልጥለው እስከ 12 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ፣ ፊት ለፊት ግዙፍ ጎባጣ ስክሪን አለ፣ ፊልሙ ከአየር ላይ የተነሳ ነው። ድንገተኛ ፍሬን፣ ግጭት፣ የስሪዲ መነጽር የለም፤ እንቅስቃሴው ቀስ ብሎ መወዛወዝ ብቻ ነው። እዚህ የሚያስቸግረው ማቅለሽለሽ ሳይሆን ከፍታ ነው፤ እግር አየር ላይ ይንጠለጠላልና። ወንበሮቹ ሦስት ረድፍ ናቸው። ሲነሳ 1ኛው ረድፍ ከሁሉ በላይ ይወጣል፣ 3ኛው ከታች ይቀራል። ከፍታ የሚፈሩ ሰው ካሉ አስተናጋጁን 3ኛ ረድፍ መጠየቅ ነው። ከላይ የሌላ ሰው ጫማ ሲወዛወዝ ይታያል፤ ውበቱን ትንሽ ያበላሸዋል፣ ግን ለፈሪ ሰው ያ ጫማ ራሱ «ያለሁት ቲያትር ውስጥ ነው» ብሎ የሚያስታውስ መልሕቅ ነው። መሀለኛውን ክፍል መጠየቅም አይከፋም፤ ዳር ለተቀመጠ ሰው ቀጥ ያለ ሕንፃ ጎብጦ ይታያል። አውሮፓ ያለ ሰው ይህንኑ ዓይነት ጀርመን ዩሮፓ ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቮሌታሪየም በሚል ስም ያገኘዋል፤ አይስላንድ፣ ሬይክያቪክም ፍላይኦቨር አለ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የተዘጋ ክፍል ውስጥ ገብቶ መንገላታት ነው። ስታር ቱርስ 40 ሰው በአንዴ ይይዛል። ከፊት ስክሪኑ ይበዛል፣ ከኋላ መናጡ ይበዛል፤ ስለዚህ የመሀሉ ረድፍ ይሻላል። የስሪዲ መነጽሩን ማውለቅ መፍትሔ አይደለም፤ ምስሉ ድርብ ሆኖ ራስ ምታት ይጨምራል። ሲብስ ዓይን መጨፈን ነው። ዓይን ሲጨፈን የሚቀረው ኮብልስቶን ላይ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የመቀመጥ ያህል ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ የማያውቅ የለም።

ሚሌኒየም ፋልከን ላይ የሚገቡት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ አብራሪ፣ ሁለቱ ተኳሽ፣ ሁለቱ መካኒክ። አብራሪዎቹ ከፊት ሆነው በእርግጥ ይነዱታል፤ የግራው ወደ ጎን፣ የቀኙ ወደ ላይና ወደ ታች። በየግድግዳው በተጋጨ ቁጥር ክፍሉ ይናጣል። ጥያቄው እንግዲህ ወንበሩ ብቻ ሳይሆን ማን ሾፌር ሆነ የሚለው ነው። ሁለት የስምንት ዓመት ወንድማማቾች መሪውን ከያዙት እንደ ልምምድ መኪና ነው። ሰው የሚያቅለሸልሸው ከሆነ የኋላውን የመካኒክ ቦታ መያዝ ይሻለዋል። ስክሪኑን በሩቅና በመስኮት ማዕቀፍ ውስጥ ስለሚያይ ዓይኑ የሚይዘው ቆሞ ያለ ነገር ያገኛል። የጎን ቁልፎቹን አልፎ አልፎ መጫን ስላለበት ግን ራሱን ወዲያ ወዲህ እንዳያዞር፤ ቁልፉን ቢስተው ምንም አይመጣም። አንዳንዱ ደግሞ ሾፌር ሲሆን አያመውም፤ መኪና ሲነዳ ደህና ሆኖ ተሳፋሪ ሲሆን የሚያመው ሰው አብራሪነቱን ቢሞክር ያዋጣዋል።

ሚሽን ስፔስ ላይ ሕጉ እንደገና ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ይህ ጨዋታ ብርቱካናማና አረንጓዴ ተብሎ ተከፍሏል። ብርቱካናማው በእርግጥ ይሽከረከራል፤ ክብደት ደረት ላይ ይጫናል። አረንጓዴው አይሽከረከርም። ብርቱካናማው ውስጥ ራስን ወደ ጎን ማዞርና ዓይን መጨፈን ነው የሚያባብሰው። እየተሽከረከረ ያለ ሰው ራሱን ሲያዞር በጆሮ ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ባልተለመደ አቅጣጫ ስለሚንቀሳቀስ የመገልበጥ ስሜት ይሰጣል። ስለዚህ ራስ ወንበሩ ላይ፣ ዓይን ፊት ለፊት። ለጠንቃቃ ሰው ግን ብርቱካናማው ጭራሽ አይታሰብም። አረንጓዴውም ቢሆን ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አራት ሰው ብቻ ይይዛል፤ ሊፍት የሚያስጨንቃቸው ሰው አይገቡም።

ዩኒቨርሳል ያለው የሚኒየኖቹ፣ የካርቱኖቹ፣ ሲሙሌተር ለአያቶች የሚመች አንድ ነገር አለው፦ የማይንቀሳቀስ ወንበር። በር ላይ ላለው አስተናጋጅ «የማይንቀሳቀስ ወንበር» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ግን ፊት ለፊት ነው፣ ስክሪኑም ያው ነው። ወገብ ለሚያማቸው ሰው ፍቱን ነው፤ ዓይናቸው ለሚያታልላቸው ሰው ግን ግማሽ መፍትሔ ነው፣ አልፎ አልፎ ወለሉን ማየት ይኖርባቸዋል። የዩኒቨርሳል ሌላ ፓርክ ውስጥ ያለው ፎርቢድን ጆርኒ የሚባለው ጨዋታ 122 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል፤ ወንበሩ በሮቦት ክንድ ተይዞ በጀርባ እያስተኛ ያንሳፍፋል። መኪና የማይስማማው ሰው ይተወው፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዲስኒ አኒማል ኪንግደም ያለው ፍላይት ኦፍ ፓሴጅ በጥንካሬው መሀል ላይ ነው። እንቅስቃሴው ከሶሪን ይበረታል፣ መነጽር አለው፣ አቀማመጡ ደግሞ እንደ ሞተር ሳይክል ነው፤ እግር ተከፍቶ፣ ደረት ወደ ፊት ተደግፎ፣ ከኋላ ማሰሪያ ጀርባንና ባትን ይጫናል። የአበሻ ቀሚስ ለብሶ እዚህ ላይ መውጣት አይመችም። መግቢያው አካባቢ መሞከሪያ ወንበር አለ፤ ሰልፍ ከመያዝ በፊት እዚያ ላይ መቀመጥ ሁለት ደቂቃ ነው። ነጠላ በየትኛውም ላይ ቢሆን ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ጥለቱ ቀበቶው ላይ ይያዛል።

ስለ ሆድ አንድ ነገር መባል አለበት። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ዕረፍት በብዙ ቦታ ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት በፍሎሪዳ ፀሐይ፣ በባዶ ሆድ፣ ውሃ ሳይቀምሱ ሲሙሌተር ላይ መውጣት የለባቸውም። ባዶ ሆድም ከመጠን በላይ የሞላ ሆድም እኩል ያስቸግራል። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ቀለል ያለ ነገር በልቶ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ይሻላል፤ እስከዚያ ትርኢቱና ጀልባው አለ። ሎሚው አውቶብስ ላይ የሚረዳው የናፍጣውን ሽታ ስለሚያጠፋ ነው፤ እዚህ ናፍጣ የለም፣ ቢሆንም አይጎዳም። ዝንጅብል ይሻላል።

መድኃኒትም አለ፤ ጨዋታው ላይ ቆሞ ሲዋጥ ግን አይሠራም። ሜክሊዚን አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ዳይመንሃይድሪኔት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይወሰዳል፤ ሁለቱም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣሉ፣ ሁለቱም ያስተኛሉ፤ የሚነዳው ሰው አይውሰዳቸው። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ቢያንስ አራት ሰዓት ይቀድማል። ይህኛው ላብን ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2025 ሰውነትን ከመጠን በላይ እንደሚያግል አስጠንቅቋል፤ በተለይ ለልጆችና ለአረጋውያን። ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ያለባቸው፣ ሽንት የሚያስቸግራቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት ፋርማሲስት ሳያማክሩ አንዱንም አይሞክሩ።

ማቅለሽለሽ ሳይጠራ አይመጣም። ማዛጋት፣ ምራቅ አፍ መሙላት፣ ግንባር ላይ ቀዝቃዛ ላብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝምታ። ሲጫወቱ የነበሩ አያት ድንገት ዝም ካሉ ያኔ ነው ነገሩ፤ «ደህና ነኝ ልጄ» ቢሉም አይታመኑም። ያኔ ራስን ወንበር ላይ ማስደገፍ፣ የማይሽከረከር ከሆነ ዓይን መጨፈን፣ በአፍንጫ በዝግታ መተንፈስ ነው። ከወጡ በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ ፉት ማለት፤ ሁለተኛ ሲሙሌተር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳያርፉ አይሞከርም፣ ድካሙ ይደራረባልና። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እምብዛም አያቅለሸልሻቸውም። በብዛት የሚያስቸግራቸው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉት ናቸው፤ «ልጅ ምን ይሆናል» የሚባለው እንግዲህ ውሸት ነው።

ይሉኝታውን በተመለከተ፣ ፓርኮቹ ራሳቸው መላ አበጅተዋል። ወረፋ ይዞ በሩ ላይ ደርሶ «አልወጣም» ማለት ይቻላል፤ አስተናጋጁ ያለ ምንም ጥያቄ በጎን በር ያስወጣል። ለትናንሽ ልጆች ወላጆች ደግሞ አንዱ ወጥቶ ሲመለስ ሌላው እንደገና ሳይሰለፍ የሚገባበት አሠራር አለ፤ መጀመሪያ ሲገቡ መግቢያው ላይ መጠየቅ ነው። አያትም እስከ ውስጥ ድረስ አብረው ቢሄዱ አይከፋም፤ ብዙ ጊዜ የወረፋው አዳራሽ ጌጥ ብቻውን መታየት የሚገባው ነው። የሚጠበቁበት ቦታ ግን መግቢያው ሳይሆን መውጫው ይሁን፤ ብዙዎቹ ጨዋታዎች የሚያስወጡት በሱቅ በኩል ነውና፣ ሱቁ ደግሞ ይቀዘቅዛል።