ጥሩ ፓሮዲ የሚገኘው በጥቆማ ነው

አስቂኝ አጫጭር ፊልሞችንና ፓሮዲን፣ ማለትም የታወቀን ሥራ አስመስለው የሚያሾፉ ቪዲዮዎችን፣ ፈልጎ የማግኘቱ ጉዳይ ከሞላ ጎደል ለቲክቶክና ለዩቲዩብ አልጎሪዝም፣ ለተመልካቹ ቪዲዮ መርጦ ለሚያቀርበው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ከተተወ ሰነባብቷል። በእኛ በወሎ፣ ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ይሁን መርሳ፣ ወጣቱ ስልኩን ከፍቶ በአውራ ጣቱ እየገፋ የመጣለትን ያያል፤ ካሳቀው ይስቃል፣ ካላሳቀው ያልፋል። ቪዲዮውን ማን እንደሠራው፣ ከየትኛው ረዘም ያለ ሥራ ተቆርጦ እንደመጣና በምን ላይ እያሾፈ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሰው አዳልጦት ሲወድቅ ለሚያሳይ ቀልድ ይህ መንገድ ይበቃ ይሆናል። ለፓሮዲ ግን አይበቃም፤ ከጥሩ ፓሮዲ ጋር በደንብ የሚያገናኘን ዛሬም ቢሆን እኛንም ሥራውንም የሚያውቅ ሰው ጥቆማ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ ፓሮዲ ብቻውን የማይቆም ሥራ መሆኑ ነው። ተመልካቹ የሚያሾፍበትን ዋናውን ሥራ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ የቀልዱ ግማሽ ይቀርበታል። ይህ ኢንተርኔት ያመጣው ነገር አይደለም። ኤድዊን ፖርተር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1903 ስለ ባቡር ዝርፊያ የሠራው የጥቂት ደቂቃዎች ፊልም በዘመኑ እጅግ ከታወቁት አንዱ ነበር። ራሱ ፖርተር በ1905 ያንኑ ታሪክ መልሶ ሠራውና ዘራፊዎቹን ሕፃናት፣ ባቡሩን ትንሽዬ ባቡር፣ የሚዘረፈውንም ንብረት ከረሜላና አሻንጉሊት አደረገው። የመጀመሪያውን ያየ ሰው እያንዳንዱን ትዕይንት ከዋናው ጋር እያስተያየ ይስቃል፤ ያላየው ግን ሕፃናት ሲጫወቱ ብቻ ነው የሚያየው። በእኛም አገር በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. የአውሬዎችን ተረት ተንተርሰው የጻፉት፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት የሚባለው ኮሜዲ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እስከ መታገድ ደርሷል። መድረኩ ላይ የቀረቡት አውሬዎች ብቻ ሆነው ሳለ መኳንንቱ የተቆጡት አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ማንም ሳይነግራቸው ስለገባቸው ነው።

ወደ ወሎ ልመለስ። በሼህ ሁሴን ጅብሪል ስም የሚነገሩት የትንቢት ግጥሞች በአካባቢያችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በቃሉ የሚላቸው ናቸው። የእነዚህን ግጥሞች አነጋገርና ቤት አመታት ይዞ፣ ፊቱንም አኮሳትሮ፣ ስለ መብራት መቆራረጥ ወይም ስለ ጤፍ ዋጋ ትንቢት የሚናገር ልጅ ቪዲዮ ቢሠራ፣ የቦረናው ወይም የወረባቦው ተመልካች የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ይስቃል። ዜማውን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ አንድ ነገር ከተፈጸመ በኋላ ስንት አዲስ ግጥም በሼሁ ስም እንደሚጨመርም ያውቃል። ያው ቪዲዮ በአልጎሪዝም ተገፍቶ ሌላ አገር ለደረሰው ተመልካች ግን ስለ ጤፍ ዋጋ የተነገረ ቀልድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከዚያ በፊት ደጋግሞ ሰምቶታል። ላኪው ዘመድ ቢሆንና «አያትህ ቡና ላይ የሚሏትን የሼሁን ግጥም ታስታውሳለህ? እሷን አስብና እየው» ብሎ ቢያስቀድም ኖሮ ሁለት ዓረፍተ ነገር የማያልፍ መግቢያ ቀልዱን ሙሉ ያደርገው ነበር።

በእርግጥ ሁሉም ፓሮዲ እንዲህ ያለ መግቢያ አያስፈልገውም። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከያዘ ወዲህ ከንፈሩ ሳይዘጋ ንግግሩ የሚያልቅ ባለጸጋና ከመጽሐፍ የወጣ የሚመስል አማርኛ የምትናገር የቤት ሠራተኛ በየቤታችን የታወቁ ሰዎች ሆነዋል። ስለዚህ በዚያ አነጋገር የሚያሾፍ አጭር ፊልም ለማንም አማርኛ ተናጋሪ ቢደርስ ያስቃል። ዋናው ሥራ በሁሉም ቤት ገብቷልና አልጎሪዝሙ በጭፍን ቢመርጥ እንኳ ይሳካለታል። የሚቸግረው የሚያሾፉበት ነገር የአንድ አካባቢ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሲሆን ነው፤ ደግሞም ምርጡ ቀልድ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ይህ የዕውቀት ጉድለት በሠሪዎቹም በኩል ይታያል። በርከት ያሉ አጫጭር ኮሜዲዎች ወሎዬ ገጸ ባሕርይ ያመጡና በየዓረፍተ ነገሩ «አብሽር» እና «ወላሂ» ያሰኙታል። ከዚያ ያለፈ ሥራ የለም። የአምባሰሉ፣ የቃሉው፣ የቦረናውና የራያው አነጋገር አንድ እንዳልሆነ የሚያውቅ ጆሮ እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ሰምቶ የሚስቅ ከሆነ የሚስቀው በወሎዬው ላይ መሆኑ ቀርቶ በተዋናዩ ላይ ነው። አልጎሪዝሙ ግን ይህን ሳቅ ከዚያኛው አይለየውም፤ እንዲያውም ተመልካች በበዛለት ቁጥር ያንኑ ዓይነት ደጋግሞ ያመጣል። በዚህም የተነሳ ስለ ወሎ አነጋገር በጥንቃቄ የተሠራው ቪዲዮ በግዴለሽነት በተሠራው ተሸፍኖ ይቀራል።

በማለዳ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበላዎች ይህን ጉዳይ ከማናችንም በላይ ያውቁበታል። ማዜም ከመጀመራቸው በፊት የቤቱን ባለቤት ስም፣ የልጆቹን ሁኔታ፣ ሩቅ አገር የሄደ ዘመድ እንዳለውም ከጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ውዳሴውም ነቆራውም ለዚያ ቤት የሚስማማው ከዚያ በኋላ ነው። አልጎሪዝምም ስለ እኛ ብዙ ይሰበስባል፤ ጎረቤት ግን አይጠይቅም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2012 ቪዲዮ የሚጠቁምበትን መስፈርት ከተከፈተበት ብዛት ይልቅ በታየበት የጊዜ ርዝመት ላይ እንዲያተኩር አድርጓል። ይህ በአታላይ ርእስና ምስል ሰው ለሚያስከፍቱ ቪዲዮዎች ጥሩ መድኃኒት ነበር። ይሁንና አንድ ሰው ቪዲዮ ላይ የቆየው ቀልዱ ገብቶት ይሁን ግራ ተጋብቶ፣ ከቆየበት ጊዜ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ርዝመትም ሌላ ጣጣ አለው። ቲክቶክ መጀመሪያ 15 ሰከንድ፣ ከዚያም 60 ሰከንድ ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 3 ደቂቃ፣ በ2022 ደግሞ ወደ 10 ደቂቃ ከፍ አደረገው። የዩቲዩብ የአጫጭር ቪዲዮ ክፍል የሆነው ሾርትስም ከ60 ሰከንድ ወደ 3 ደቂቃ ያደገው በ2024 ነው። የተፈቀደው ጊዜ ቢረዝምም የተመልካቹ ልማድ እዚያው አጭሩ ላይ ቀርቷል። የሽምግልናን ሥርዓት የሚኮርጅ አጭር ፊልም እናስብ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ጉዳይ ከማንሳታቸው በፊት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሟች አባት ደግነት፣ ከዚያም እንደገና ስለ ዝናቡ ሲያወሩ የሚያልፈው ጊዜ ራሱ ቀልዱ ነው። የልጅቱ አባት ዓይናቸው በሩ ላይ፣ ጆሯቸው ሽማግሌዎቹ ላይ ሆኖ ሲጠብቁ፣ ተመልካቹም አብሮ መጠበቅ አለበት። ይህን ፊልም ቆርጦ አባትየው የሚጮኹባትን የመጨረሻዋን አሥራ አምስት ሰከንድ ብቻ የሚለቅ ሰው ጩኸቱን አተረፈ፤ ፊልሙን ጣለው። የተቆረጠው ቁራጭ ደግሞ ከሙሉው ሥራ ይልቅ ብዙ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ማሽን ሥራን እንጂ ቀልድን እንደማይለይ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የሆነው ነው። ስለ ሂትለር የመጨረሻ ቀናት በ2004 የወጣ አንድ የጀርመን ፊልም ውስጥ ሂትለር በምሽጉ ውስጥ የሚቆጣበት ትዕይንት አለ፤ በዚያ ትዕይንት ላይ በብዙ ቋንቋ የፌዝ ጽሑፍ እየተለጠፈ በዩቲዩብ ተሠራጨ። የፊልሙ ባለመብት ኩባንያ ባለመብት ያለውን ሥራ በራሱ የሚለየውን የዩቲዩብ ሥርዓት ተጠቅሞ ብዙዎቹን አስነሳቸው። የፊልሙ ዳይሬክተር ግን በፓሮዲዎቹ እንደሚዝናና ተናግሮ ነበር።

አልጎሪዝምን የምረግም አይምሰል። ቀደም ባለው ጊዜ ለቀልደኛ መንገዱ አንድ ነበር፤ አዲስ አበባ ገብቶ ቴሌቪዥን ላይ መቅረብ ወይም ካሴት ማውጣት። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካን፣ ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩን አገር ያወቃቸው በዚያ መንገድ ነው። ዛሬ ኩታበር ወይም ሐይቅ ላይ ያለ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ስልክ ቀርጾ፣ በዚያው ስልክ አቀናብሮ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራውን ይለቃል፤ የማያውቁት ሰዎችም ያዩለታል። ይህን በር የከፈተው የሰው ጥቆማ አይደለም። ጥቆማ የሚያስፈልገው በሩ ከተከፈተ በኋላ፣ በየሰከንዱ ከሚጎርፈው መካከል የትኛው ሙሉውን ሊታይ እንደሚገባው ለመለየት ነው።

ጥቆማችን ግን ራሱ ችግር አለበት። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ቪዲዮ የዞረው ከእጅ ወደ እጅ ነው። ማንም ሊመኘው የማይገባ ጊዜ ነበር፤ ሆኖም የሞባይል ቤቱ ልጅ በፍላሽ የደረሰውን ለደንበኛው ሚሞሪ ሲጭን «ይቺን እያት፣ ይኼ ግን ለአንተ አይሆንም» ማለቱ አልቀረም። ደንበኛውን ያውቃል። የማያውቀው የሚጭነውን ሥራ ማን እንደሠራው ነው፤ ፋይሉ በቁጥር ብቻ የተሰየመ ነበርና። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም ይህ ልማድ ወደ ቴሌግራም ተሻገረ እንጂ አልቀረም። ቪዲዮው ከቻናሉ ይወርዳል፣ መጀመሪያና መጨረሻው ይቆረጣል፣ የሠሪው ስም ያለበት ክፍል አብሮ ተቆርጦ ይቀራል።

ይህ ለሠሪው የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይታለፍ ነበር። በዩቲዩብ ደንብ አንድ ቻናል ከረዣዥም ቪዲዮዎቹ የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ከሚያበቁት መንገዶች አንዱ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የተመልካች ሰዓት ማሟላት ነው። አሥር ደቂቃ የሚሆን አጭር ፊልም አንድ ሰው ሙሉውን በቻናሉ ላይ ቢያየው ለሠሪው የሚቆጠርለት አሥር ደቂቃ ነው፤ ያው ሰው በቴሌግራም ፋይል ቢያየው የሚቆጠርለት ምንም የለም። ቪዲዮው በከተማው ውስጥ የሚያወራለት ሁሉ አይቶት ሳለ የቻናሉ ቁጥር ግን እዚያው ሊቆም ይችላል። እንዲህ የደረሰበት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ለሽምግልናው ፊልም ሽማግሌዎች ለምኖ፣ ጋቢ ተውሶ፣ ቀኑን ሙሉ ከመቅረጽ ይልቅ የአሥራ አምስት ሰከንዱን ጩኸት ብቻ ቢሠራ ሊፈረድበት አይገባም።

የፍለጋው ዘዴም ቢሆን ሊሻሻል ይችላል። «አስቂኝ ቪዲዮ» ብሎ የሚፈልግ ሰው በቃለ አጋኖ የታጀቡ ርእሶች ክምር ያገኛል። የሚወደውን ድራማ፣ ዘፈን ወይም የዜና ዝግጅት ስም ጽፎ አጠገቡ «ፓሮዲ» ወይም «ኮሜዲ» የሚል ቢጨምር ግን የሚያውቀው ነገር ላይ የተሠራ ቀልድ የማግኘቱ ዕድል ይሰፋል። አንድ ሥራ የወደደለትን ቻናል ከፍቶ የቆዩትን ቪዲዮዎች ማየትም ጥሩ ነው፤ ገና ታዋቂ ሳይሆኑ የሠሯቸው አንዳንዴ ከኋለኞቹ ይበልጣሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማትና የከተሞቻችን የወጣት ማእከላትም መጀመሪያ ዋናውን ሥራ፣ ከዚያም ፓሮዲውን በአንድ ምሽት የሚያሳዩበት ዝግጅት ቢያሰናዱ ወጪው ከፕሮጀክተርና ከአዳራሽ አያልፍም።

የዳታ ዋጋ ውድ ነውና ሁሉም ሰው ቻናሉ ላይ ገብቶ ይይ ማለት እንደማይቻል አውቃለሁ። ፋይል መላክ ግድ ከሆነ ፋይሉ ሳይቆረጥ ይላክ፤ ከሥሩም የሠሪው ስም፣ የቻናሉ ስምና የሚያሾፍበት ሥራ ይጻፍ። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ከሥሩ የተጻፈው አብሮት ስለሚሄድ ይህን አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከጻፈው ለተከታዮቹ ሁሉ ይበቃል፤ ወረኢሉ ላይ ፋይሉን የተቀበለችው ልጅም ዋይፋይ ያገኘች ቀን ቻናሉን በስሙ ፈልጋ የቀረውን ታያለች።