ያልጸደቀ በጀት የወለደው ጦርነት

የአገር መሪና ሕግ አውጪው ምክር ቤት ሲጣሉ ሁላችንም የምንጠይቀው «ሕገ መንግሥቱ ከማን ጋር ነው?» ብለን ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ቺሊ ውስጥ የሆነውን ካነበብኩ ወዲህ ግን እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ገንዘቡስ ከማን ጋር ነው?

በቺሊ ሕገ መንግሥት በጀቱ ብቻ ሳይሆን የሠራዊቱ ቁጥርም በየጊዜው በኮንግረሱ፣ ማለትም በሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ ካልጸደቀ አይሆንም ነበር። በሚኒስትሮች ሹመት ከፕሬዚዳንት ሆሴ ማኑዌል ባልማሴዳ ጋር የተኳረፉት የምክር ቤት አባላት ሁለቱንም ያዙባቸው። እሳቸውም በ1890 መገባደጃ ጉባኤውን ዘጉና፣ አዲሱ ዓመት ሲብት ያለፈው በጀት እንዲቀጥል አወጁ። እንግዲህ አስቡት፤ በሕጉ ቃል ከሄድን ከዚያ ወዲያ በየካምፑ ዘብ የቆመው ወታደር ራሱ ሕጋዊ አይደለም። ደመወዙም እንደዚያው።

ጃንዋሪ 7 የባሕር ኃይሉ በሆርሄ ሞንት እየተመራ ከኮንግረሱ ጋር አበረ። የምክር ቤቱ መሪዎችም መርከብ ላይ ወጡ። አብዛኛው የምድር ጦር ከፕሬዚዳንቱ ጋር ቀረ። ሁለቱም ወገን የሚምለው በዚያው በአንድ ሕገ መንግሥት ነበር፣ እኔም አንዳቸውን ውሸታም ለማለት ይከብደኛል። ሁለቱም የሚጠቅሱት አንቀጽ ነበራቸው። በመካከላቸው የሚፈርድ ዳኛ ግን አልነበረም።

መርከቦቹ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢኪኬ ወረዱ። የናይትሬቱ አገር ነው፤ ለማዳበሪያና ለፈንጂ የሚሆነው ጨው ከዚያ ወደ ዓለም ይጫናል፣ ቀረጡም የመንግሥት ዋና ገቢ ነበር። በጀት የከለከለው ኮንግረስ አሁን ካዝናውንም ያዘ ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ ከአውሮፓ አዳዲስ ጠመንጃዎች ገዛ፤ ጦሩንም ኤሚል ኮርነር የተባለ ጀርመናዊ መኮንን አሠለጠነለት።

ኤፕሪል 23 ካልዴራ ወደብ ላይ የመንግሥት ጀልባዎች ብላንኮ ኤንካላዳ የተባለችውን ብረት ለበስ መርከብ በቶርፒዶ አሰጠሙ። ከ12 ዓመት በፊት ከፔሩ ጋር በተደረገው ጦርነት አገሩ ሁሉ የኮራባት መርከብ ነች። ወደ 180 የሚሆኑ መርከበኞች አብረዋት ሰጠሙ፤ ገዳዮቻቸውም የአገራቸው ልጆች ነበሩ።

ነሐሴ ወር ላይ ኮንኮንና ፕላሲያ በተባሉ ቦታዎች በተደረጉ ሁለት ውጊያዎች የኮንግረሱ ጦር አሸነፈና ነገሩ አለቀ። ባልማሴዳ ሳንቲያጎ በሚገኘው የአርጀንቲና ኤምባሲ ተሸሸጉ። የሥልጣን ዘመናቸው ሴፕቴምበር 18 ያበቃ ነበር፤ እስኪያበቃ ጠብቀው በማግስቱ ጠዋት ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ። ያለ በጀት ሕግ ያስተዳደሩት ሰው በሕግ ከተሰጣቸው ዘመን አንዲት ቀን እንኳ ሳትጎድል መሞታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ያሸነፈው ኮንግረስ ደግሞ ለሠላሳ ዓመታት ካቢኔ ሲያፈርስና ሲተካ ኖረ። ይህ ለእኔ ከፕሬዚዳንቱ እምቢተኝነት ያላነሰ ጥፋት ነው፣ ያውም ድል ካደረጉ በኋላ። በ1925 አዲስ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ አንድ ነገር ገባበት፦ ምክር ቤቱ በጀቱን በአራት ወር ውስጥ ካላጸደቀ ፕሬዚዳንቱ ያቀረቡት ረቂቅ በሥራ ላይ ይውላል። እንግዲህ የጎደለው ይህን የመሰለ አንድ አንቀጽ ነበር።