ቪቶር ባያ ከ2004ቱ የአውሮፓ ዋንጫ መቅረቱ ተገቢ ነበርን?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ የፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የነበሩት ብራዚላዊው ሉዊዝ ፌሊፔ ስኮላሪ፣ ለአገሩ 80 ጊዜ የተሰለፈውን ግብ ጠባቂ ቪቶር ባያን፣ ፖርቱጋል ራሷ ካዘጋጀችው የ2004 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ዋንጫ ማስቀረታቸው ስሕተት ነበር።

ደጋፊ፦ ባያ ሲነሣ ብዙ ሰው ዋንጫዎቹን መቁጠር ይቀናዋል፤ እኔ ግን ከፊቱ ይቆሙ የነበሩትን ተከላካዮች አነሣለሁ። የባያ ክለብ ፖርቶ በግንቦት 2004 ጀርመን ውስጥ ጌልዘንኪርሸን ላይ ሞናኮን 3 ለ 0 ረትቶ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ ሲወስድ፣ ግቡን የጠበቀው ባያ፣ ከፊቱ የተሰለፉት ደግሞ ሪካርዶ ካርቫልዮ፣ ኑኖ ቫሌንቴና ፓውሎ ፌሬራ ነበሩ። ከ3 ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፖርቱጋል በዚያው በፖርቶ ሜዳ በግሪክ 2 ለ 1 ተሸንፋ ውድድሩን ስትጀምር፣ ስኮላሪ ካርቫልዮን፣ ቫሌንቴንና ዴኮን ወደ ቋሚ አሰላለፍ አስገቡ፤ ቡድኑም ነፍስ ዘራ። የፖርቶን ተከላካዮች ይህን ያህል ካመኑ፣ እነርሱን ከኋላ ሆኖ ሲመራ የከረመውን በረኛ ከተመረጡት 3 በረኞች አንዱ እንኳ ሳያደርጉት መቅረታቸው እንዴት በእግር ኳስ ሚዛን ይለካል? በረኛው ሪካርዶ አንደኛ ይሁን እንበል፤ ባያ ከኪምና ገና ወጣት ከነበረው ሞሬይራ ያንሳልን?

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ 80 ጊዜ የተሰለፈ ሰው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሦስተኛ በረኛ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሪካርዶ አንድ ኳስ በጨረፈ ቁጥር ስታዲየሙ ስሙን ይጠራል። ስኮላሪ ይህን ያውቁ ነበር፤ በ2002 ሕዝቡ አጥቂው ሮማሪዮ ይግባ እያለ ሲጮህ ያለ እርሱ ሄደው ለብራዚል የዓለም ዋንጫን አምጥተዋል። በዚያው ውድድር የፖርቱጋልን ግብ የጠበቀው ባያ ሲሆን፣ አሜሪካ በ36 ደቂቃ ውስጥ 3 ግብ አስቆጥራበታለች (አንዱ ጆርጅ ኮስታን ነክቶ እንደገባ አልክድም)። የሪካርዶስ? በሩብ ፍጻሜው ከእንግሊዝ ጋር 2 ለ 2 ከተለያዩ በኋላ፣ በመለያ ምቱ ጓንቱን አውልቆ ጥሎ የዳሪየስ ቫሰልን ምት በባዶ እጁ መለሰ፤ ቀጥሎም ራሱ መትቶ አስቆጥሮ አገሩን አሳለፈ። ይህን ካየሁ በኋላ ሌላ በረኛ መመኘት ይከብደኛል።

ደጋፊ፦ ያ ምሽት ድንቅ ነበር። ይሁንና በመለያ ምት የሚታየው ድፍረትና በ90 ደቂቃ ውስጥ የሚታየው የቅጣት ክልል አገዛዝ ለየቅል ናቸው። ፖርቱጋል በግሪክ የተሸነፈችበት የፍጻሜው ግብ የተቆጠረው በ57ኛው ደቂቃ በማዕዘን ምት ነው፤ ሪካርዶ ከመስመሩ ወጣ፣ ኳሱን ግን አላገኘውም፣ ግሪካዊው ካሪስቴያስም በጭንቅላቱ ገጭቶ አስቆጠረ። ባያ ቢኖር ኖሮ በእርግጥ ይይዘው ነበር ማለት አልችልም፤ እንዲህ ያለ ኳስ ግን የሥራው ዋና ክፍል ነበር። አስቸጋሪ ጠባይ ነበረው የሚሉም አሉ። ከፖርቶው አሠልጣኝ ከሞሪንዮ ጋር ተጋጭቶ ከፖርቶ ቡድን መታገዱ እውነት ነው፤ ይኸው ሞሪንዮ ግን ወደ ቦታው መልሶት፣ በ2003 ሴልቲክን 3 ለ 2 አሸንፈው የዩኤፋን ዋንጫ፣ በዓመቱም የሻምፒዮንስ ሊግን አብረው አንሥተዋል። ዩኤፋም የ2004 ምርጥ የክለብ ግብ ጠባቂ ብሎ ሸልሞታል።

ተቃዋሚ፦ ሽልማቱ የመጣው ከውድድሩ በኋላ ነው፤ ስኮላሪ ሲመርጡ በእጃቸው አልነበረም። የእርሳቸው ምርጫ ሪካርዶ ግን በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ፣ ባያ በነገሠበት በዚያው በጌልዘንኪርሸን፣ የላምፓርድን፣ የጄራርድንና የካራገርን ምቶች አድኖ እንግሊዝን በድጋሚ አሰናብቷል፤ ባያ በዚያው የውድድር ዘመን በክለቡ ቦታውን ለሄልተን ለቆ ነበር።

ደጋፊ፦ ስለ 2006 ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ባያም ያን ጊዜ 36 ዓመቱ ነበር። በ2004 ክረምት ግን ሄልተን ገና ወደ ፖርቶ አልመጣም፤ የአውሮፓ ሻምፒዮኑ ክለብ በረኛ ባያ ነበር።