የሐኒባል አገር ገና አልለየለትም

ያወጣችሁት ጽሑፍ የሩሲያዊው ገጣሚ የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሐኒባል ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያለቀለት ጉዳይ አድርጎ አቅርቦታል። የእኔም ልብ ወደዚያው ያደላል። ሳር ቤት፣ ፑሽኪን አደባባይ ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። መዝገቡ ግን ያን ያህል አይደፍርም።

ሐኒባል በ1742 እ.ኤ.አ. ከሩሲያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ የመኳንንት ማዕረግ ሲለምን፣ አፍሪካዊ እንደሆነ፣ በአባቱ ግዛት በ«ላጎን» ከተማ እንደተወለደ፣ አባቱ ሌሎች ሁለት ከተሞችም እንደነበሩት ጻፈ። ሐበሻ ነኝ አላለም። ሐበሻነቱ የመጣው ከሞተ በኋላ አማቹ በጀርመንኛ ከጻፈው የሕይወት ታሪክ ነው። ሩሲያዊው የሰው ዘር አጥኚ አኑቺን በ1899 ላጎንን ከመረብ ማዶ፣ በዛሬዋ ኤርትራ ካለው ሎጎ ጋር አገናኘው። ቤኒናዊው ተመራማሪ ኛማንኩ ደግሞ በ1990ዎቹ ካሜሩን ውስጥ ወዳለችው ሎጎን ቢርኒ ወሰደው።

ዘር ሲቆጠር የባለቤቱ ቃል ከአማች ትረካ ይቀድማል ባይ ነኝ። በእርግጥ በልጅነቱ ከአገሩ የወሰደውን መርከብ እህቱ ተከትላ ዋኘች የሚለው የቤተሰቡ ወሬ ለእኛ ያደላል፤ ሎጎ ለምጽዋ ቅርብ ነው፣ ሎጎን ቢርኒ ግን ከባሕር ሩቅ ናት። ቢሆንም ወሬ ባለቤቱ የጻፈውን ማመልከቻ አይተካም።

አዘጋጆች፣ እባካችሁ የማመልከቻውን ቃል በአማርኛ ጨምሩበት። አንባቢው ራሱ ይመዝን።